የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ኪራይ በኬንያ ጠረፍ፤ ቀብድ ከመላኩ በፊት

ለንግድ ጉዳይ ወደ ሞምባሳ የሚሄድ ነጋዴ ሥራው ሲያበቃ እንግዶቹን አንድ ቀን ባሕር ላይ ለማዝናናት ቢያስብ፣ በዚያ ጠረፍ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የተለመደ አንድ አገልግሎት ያገኛል። ይኸውም ካፒቴኑ፣ መርከበኞቹና የማጥመጃው ዕቃ በሙሉ የተሟላለትን ጀልባ ለአንድ ቀን ወይም ለግማሽ ቀን ለብቻ ተከራይቶ፣ በጥልቁ ባሕር ትልልቅ ዓሣ ለስፖርት ማጥመድ ነው። ነገሩ ለአስመጪና ለላኪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ ዕቃ ለማስጫን መርከብን በሙሉ ከመከራየት የሚለየው ከሁሉ ይልቅ በመጠኑ ነው። ዳሩ ግን በትልቁ ውል ላይ እያንዳንዱን ቃል በጥርጣሬ የሚመረምረው ነጋዴ፣ ይህ ትንሹ ውል ሲሆን “መዝናኛ ነው” ብሎ በሁለት መስመር ደብዳቤ ቀብዱን ልኮ ይቀመጣል። ጭቅጭቁም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ተከራዩ የሚገዛው ዓሣ ሳይሆን ሰዓት መሆኑ ነው። ባለ ጀልባው ጀልባውን፣ ነዳጁን፣ የካፒቴኑን ዕውቀትና የሠራተኞቹን ጕልበት ለተወሰነ ጊዜ ይሸጣል፤ ዓሣው ቢመጣም ባይመጣም ሒሳቡ አይለወጥም። ዓሣ በእርግጥ ይያዛል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ደላላ ቢገኝ፣ ባሕሩን የማያውቅ ወይም ገዢውን የናቀ ሰው ነው። ጋባዡም ለእንግዶቹ ይህንኑ አስቀድሞ ቢነግራቸው፣ ባዶ እጅ በተመለሱ ጊዜ ከኀፍረት ይድናል።

ስለ ቦታው ጥቂት እንናገር። ለዚህ ስፖርት የታወቁት ሥፍራዎች ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ኪሊፊ፣ ዋታሙና ማሊንዲ ሲሆኑ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በታንዛንያ ወሰን አጠገብ ያለችው ሺሞኒ ናት። ማሊንዲ ከሞምባሳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዋታሙ ከእርሷ በስተ ደቡብ በመኪና ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ናት። ከሺሞኒ ፊት ለፊት ያለው የፔምባ ወሽመጥ እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ ትልልቆቹ ዓሦች ለጠረፉ ቀርበው ያልፋሉ። ማሊንዲ በመርከብ ታሪክ የታወቀች ናት፤ ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ እ. ኤ. አ. በ1498 ወደ ሕንድ የሚያሻግረውን መንገድ መሪ ያገኘው ከዚያች ወደብ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ሰው መቅጠር በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይም እ. ኤ. አ. በ1934 ከምሥራቅ አፍሪቃ የአደን ጉዞው በኋላ በዚሁ ጠረፍ ዓሣ አጥምዷል።

የሚፈለጉት ዓሦች በተለይ አፍንጫቸው እንደ ጦር የሾለው ናቸው። ከእነርሱም ጥቁር፣ ሰማያዊና ባለ ዝንጕርጕር የሚባሉት ሦስቱ የማርሊን ዓይነቶች፣ በጀርባው ላይ እንደ ሸራ የተዘረጋ ክንፍ ያለው “ሸራ ዓሣ”፣ እንዲሁም በሌሊት የሚጠመደው “ሰይፍ ዓሣ” ይገኛሉ። እነዚህን የመሰሉ የተለያዩ ዓይነቶች በአንድ ጠረፍ ተሰብስበው መገኘታቸው ለኬንያ ትልቅ ስም አትርፎላታል። ከእነርሱ ሌላ ቱና፣ ዋሁና ዶራዶ የሚባሉት ለገበታ የተወደዱ ዓሦች በብዛት ይያዛሉ።

አሁን ወደ ጊዜው እንመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ወራቱን ባለማወቅ ነውና። በዚያ ባሕር ሁለት ነፋሳት ይፈራረቃሉ። ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት የሚነፍሰውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የአገሩ ሰዎች “ካስካዚ” ይሉታል፤ የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች በሸራ ጀልባ ወደ አፍሪቃ ይወርዱ የነበረው በዚህ ነፋስ ነው። “ኩሲ” የሚባለው የደቡብ ነፋስ ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ ወራቱን ይዞ ይቈያል፤ ባሕሩን ያናውጣል፤ ከእርሱም ጋር ትልቁ ዝናም ይመጣል። በሚያዝያ መጨረሻ፣ በግንቦትና በሰኔ ብዙ ባለ ጀልባዎች ጀልባቸውን ከውሃ አውጥተው ያድሳሉ። ባሕሩ እንደ ገና የሚከፈተው ከነሐሴ ወዲህ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቱናው ይበዛል። ሸራ ዓሣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማርሊን ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ይሻላል።

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ይህ አቈጣጠር አንድ መልካም ዕድል ይሰጠዋል። የአውሮፓውያን ልደትና አዲስ ዓመት በሚከበርበት ሳምንት ጀልባዎቹ ከወራት በፊት የተያዙ ናቸው፤ ዋጋቸውም አይበገርም። የእኛ ገና ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ አገሩ ሲመለስ ይውላል፤ ከገና እስከ ጥምቀትና ከዚያም በኋላ ባሕሩ ያው፣ ዓሣውም ያው ሲሆን፣ ቦታ ማግኘቱ ይቀላል። በአንጻሩ ፋሲካን ጠብቆ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ደጋግሞ ቢያስብ ይሻለዋል፤ በዓሉ ወደ ሚያዝያ መጨረሻ በሚውልበት ዓመት ዝናሙና ኩሲው ይቀድሙታል።

ከማን ጋር መዋዋል ይገባል? በሆቴል አዳራሽ የሚቀመጥ ወኪል አለ፤ በአሸዋው ዳር ወረቀት ይዞ የሚዞር ወጣት አለ፤ ባለ ጀልባውም ራሱ አለ። ሦስቱም ያንኑ ጀልባ ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ክርክር ቢነሣ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። ወኪሉ የራሱን ድርሻ አስቀርቶ የቀረውን ለባለ ጀልባው ያስተላልፋል፤ ባለ ጀልባው ገንዘቡ አልደረሰኝም ቢል ተከራዩ ከሁለቱ መካከል ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤው የጀልባውን ስም፣ የባለቤቱን ስም፣ የፈቃዱን ቍጥርና ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው በባለቤቱ ስም የመቀበል ሥልጣን ያለው መሆኑን የሚገልጽ መሆን አለበት። “ይህ ጀልባ ባይመች ሌላ ተመሳሳይ ጀልባ ይሰጣል” የሚል ቃል ከተጨመረ፣ “ተመሳሳይ” ማለት በርዝመት፣ በሞተር ብዛትና በዕቃው ጥራት ምን ማለት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ሁለት ሞተር ያለውን ጀልባ ተከራይቶ በማግሥቱ አንድ ሞተር ያለው ቢቀርብለት ማንም ደስ አይለውም።

ዋጋው እንደ ደንቡ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ አራት ሰዎች ቢሄዱም አንድ ሰው ብቻውን ቢሄድ ያው ነው። የሚለየው እንደ ጀልባው ትልቅነት፣ እንደ ሰዓቱ ርዝመትና እንደ ርቀቱ ነው። ግማሽ ቀን አራት ወይም አምስት ሰዓት፣ ሙሉ ቀን ስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሆናል፤ ቍጥሩ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን “ሙሉ ቀን” የሚለው ቃል እንደ ተናጋሪው ይረዝማል ወይም ያጥራል። ከጠረፉ እጅግ ርቆ ወደሚገኘው “የሰሜን ኬንያ ባንክ” ወደሚባለው ከባሕሩ በታች ከፍ ያለ ሥፍራ የሚሄዱ ጀልባዎች ባሕር ላይ ያድራሉ፤ የዚያ ዋጋ ለብቻው ነው።

በዋጋው ውስጥ ምን እንደ ገባ በዝርዝር መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ነዳጁ ገብቷልን? የማጥመጃ ፈቃዱስ? መጠጥና ምሳስ? የጠፋ ወይም የተሰበረ ዘንግ በማን ሒሳብ ይተካል? በኬንያ የተጨማሪ እሴት ታክስ 16 በመቶ ስለ ሆነ፣ የተነገረው ዋጋ ታክሱን የጨመረ ወይም ያልጨመረ መሆኑ ብቻውን ሒሳቡን ይለውጠዋል። ዋጋው በዶላር ተነግሮ በሽልንግ የሚከፈል እንደ ሆነ፣ ምንዛሪው የየትኛው ቀንና የየትኛው ባንክ እንደሚሆን መጻፍ ነው። የባንክ ማስተላለፊያውን ወጪ ማን እንደሚሸከም ካልተነገረም፣ ቀብዱ ጐድሎ ደረሰ ተብሎ የተያዘው ቀን ሊሰረዝ ይችላል። እነዚህን የመሳሰሉትን ጥያቄዎች ለቡና ወይም ለሰሊጥ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው ለጀልባ ሲሆን ለምን እንደሚረሳቸው የሚያስገርም ነው።

ምሳን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። የጀልባው ምሳ እንደ ልማዱ እንቍላል ወይም ዶሮ ያለበት ዳቦ ነው፤ ሸራ ዓሣ በሚበዛበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግን እኛ ጾም ላይ ነን። አስቀድሞ ካልተነገረ ጿሚው ተጋባዥ ቀኑን በሙዝ ይውላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ባሕር ላይ ማንሣት ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቀብዱ እንምጣ። ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ቀብድ የሚለውን ቃል ሲሰማ በልቡ ያለው የአገሩ ሕግ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ የሰጠው ይቀርበታል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። በዚህ ሕግ ሁለቱም ወገኖች የሚፈሩት ነገር አላቸው። ነጋዴውም ቀብዱን ሲልክ ባለ ጀልባውን ያሠረው ይመስለዋል።

ኬንያ ግን በውል ጉዳይ የእንግሊዝን ሕግ ሥርዓት የተከተለች ናት። በዚያ ሥርዓት ተከራዩ ቢቀር ቀብዱ ለባለ ጀልባው ይቀራል፤ ባለ ጀልባው ቢቀር ግን አጠፌታ የሚከፍልበት ደንብ የለም። የተቀበለውን ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ጉዳት የደረሰበት መሆኑን በማስረጃ አስረድቶ ካሣ መጠየቅ አለበት። ለአንድ ቀን የጀልባ ኪራይ በባዕድ አገር ጠበቃ የሚያቆም ማን ነው? እንግዲህ በአገር ውስጥ ሁለቱን ወገን የሚያሥረው ቀብድ፣ በዚያ ጠረፍ በሥራ ሲተረጐም ከፋዩን ብቻ የሚያሥር ይሆናል። በበዓል ሰሞን የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ተከራይ ሲመጣ፣ ባለ ጀልባው “ሞተሩ ተበላሸ” ብሎ ቀብዱን መልሶ ቢለያይ፣ እንግዶቹን ይዞ በአሸዋው ላይ የቆመው ነጋዴ በእጁ የሚቀረው ያው ገንዘቡ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ባለ ጀልባዎች ስማቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ስለ ሆኑ ይህን አያደርጉም፤ ዳሩ ግን ውል የሚጻፈው ለአብዛኞቹ አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሕጉ የማይሰጠውን በውሉ ላይ መጻፍ። ባለ ጀልባው በራሱ ምክንያት ቢቀር ቀብዱን ከመመለሱ ሌላ ተመሳሳይ ጀልባ በራሱ ወጪ እንዲያቀርብ ወይም የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍል ማስገባት ይቻላል። ይህ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት ጋር የሚመጣጠን ቢሆን ይሻላል፤ ለማስፈራራት ብቻ የተጋነነ መቀጮ በእንግሊዝ ሥርዓት ላይጸና ይችላልና። ተከራዩም ቢሰርዝ ከስንት ቀን በፊት ሲሆን ቀብዱ በሙሉ፣ ከስንት ቀን በፊት ሲሆን በከፊል እንደሚመለስለት ይጻፍ። “ቀብድ አይመለስም” የሚለው አጭር ቃል በደረሰኝ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ታትሞ ይገኛል፤ ተከራዩም ሳያነበው ገንዘቡን ቢከፍል ተስማምቷል የሚያሰኘው እርሱ ነው።

ከቀብዱ ቀጥሎ የሚያጣላው የአየሩ ጠባይ ነው። ባሕሩ ለመውጣት አደገኛ መሆንና አለመሆኑን የሚወስነው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ በዚህም ላይ ክርክር መግጠም ተገቢ አይደለም። እንግዳው ከሩቅ አገር መጥቷል፣ ገንዘቡም ተከፍሏል ብሎ ካፒቴኑን የሚያስጨንቅ ጋባዥ በሰው ነፍስ ይጫወታል። መጻፍ የሚገባው ካፒቴኑ “አንወጣም” ሲል ገንዘቡ የሚመለስ ወይም ወደ ሌላ ቀን የሚዛወር መሆኑ ነው፤ ተከራዩ በማግሥቱ የሚሳፈር ከሆነ የሌላ ቀን ተስፋ አይጠቅመውም። ጀልባው ከወጣ በኋላ ከመንገድ ቢመለስስ? በአየሩ ምክንያት ሲሆን አንድ ሒሳብ፣ በሞተር ብልሽት ሲሆን ሌላ ሒሳብ፣ በተከራዩ ሕመም ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ሒሳብ አለው። በመጨረሻው ብዙ ጊዜ ምንም አይመለስም። ባሕር የሚያቅለሸልሸው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት መዋጥ አለበት፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። በተራራ አገር ያደገ ሰው ራሱን ሳያውቅ ሙሉ ቀን ባይከራይ፣ በመጀመሪያ ግማሽ ቀን ቢሞክር ብልኅነት ነው።

ስለ ደኅንነቱም በትኅትና መጠየቅ ይቻላል። ጀልባዎችን የሚመረምረውና ፈቃድ የሚሰጠው የኬንያ የባሕር ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱ ያልተቃጠለ መሆኑን ማየት የተከራዩ መብት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆችም በልካቸው፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን፣ ራዲዮው የሚሠራ መሆኑን፣ ኢንሹራንሱም ተሳፋሪዎችን የሚያካትት መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ይህን ጥያቄ ሰምቶ የሚቈጣ ባለ ጀልባ ካለ ሌላ መፈለግ ነው።

የሰዓት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በደብዳቤው ላይ “6” ተብሎ የተጻፈው መነሻ ሰዓት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የጧት 6፣ ማለትም በእኛ ከጧቱ 12 ሰዓት ነው፤ በእኛ ልማድ አንብቦ በስድስት ሰዓት የሚመጣ ሰው ጀልባው ከሄደ ግማሽ ቀን ሆኖታል። የሚያስደንቀው ግን በስዋሂሊ የሚነጋገሩት መርከበኞች ሰዓት የሚቈጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ መሆኑ ነው፤ ያንኑ ሰዓት እርስ በርሳቸው 12 ይሉታል። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር በደብዳቤ 6፣ ከመርከበኛው ጋር በቃል 12 ብሎ መነጋገር ይሆናል፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን “ጧት ጎሕ ሲቀድ” ብሎ መጨመር ስሕተትን ያስወግዳል።

ባሕር ላይ ከተወጣ በኋላ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ማሊንዲና ዋታሙ አጠገብ እ. ኤ. አ. በ1968 የተከለሉ ብሔራዊ የባሕር ፓርኮች ስላሉ በክልላቸው ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፤ ጀልባው የኮራሉን ቋጥኝ አልፎ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። በዚያም ማባበያ የታሰረባቸውን ጅማቶች ከኋላው እየጐተተ በዝግታ ይመላለሳል። ይህ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ ዓሣው ሲነክስ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። እ. ኤ. አ. በ1939 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ዓሣው ከተያዘ በኋላ ከአጥማጁ በቀር ሌላ ሰው ዘንጉን ቢነካ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ዘንጉን በተራ ማን እንደሚይዝ እንግዶቹ ጧት ሳይነሡ ተስማምተው ቢጨርሱ ጥሩ ነው፤ ዓሣው ከነከሰ በኋላ ለመነጋገር ጊዜ የለም።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ የማን ነው? ብዙ ሰው የማይጠብቀው መልስ ይህ ነው፤ በዚያ ጠረፍ ልማዱ የጀልባው ነው። ማርሊንና ሸራ ዓሣ በአሁኑ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ጀርባቸው ላይ ቍጥር ያለው ምልክት ተሰክቶባቸው ከነሕይወታቸው ይለቀቃሉ፤ ዳግመኛ ሲያዙ ወዴት እንደ ተጓዙና ምን ያህል እንዳደጉ ይታወቃል። ለገበታ የሚሆኑት ዓሦች ለባለ ጀልባውና ለሠራተኞቹ ገቢ ናቸው፤ ለተከራዩ እራቱ የሚሆን ቍራጭ ይሰጠዋል። ቱናውን በሙሉ ለሆቴሉ ወጥ ቤት አመጣለሁ ብሎ የፎከረ ጋባዥ ካለ፣ ይህንንም አስቀድሞ በውሉ ማስገባት ነበረበት።

ቀሪው ሒሳብ የሚከፈለው እንደ ስምምነቱ ከመሳፈር በፊት ወይም ሲመለሱ ነው። ጉርሻ ግን ከኪራዩ ውስጥ አይቈጠርም፤ ለሠራተኞቹ በእጃቸው ይሰጣል እንጂ በወኪሉ በኩል አይላክም። ደረሰኙ በድርጅቱ ስም እንዲጻፍ የሚፈልግ ነጋዴም ይህን በአሸዋው ላይ ሳይሆን ቀብዱን ሲልክ ይጠይቅ።

ጊዜ ያለው ሰው ከተያዘው ቀን በፊት ባለው ቀን ቢደርስ ትልቅ ጥቅም ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ሲመለሱ የያዙትን ዓሣ ዓይነት የሚያመለክት ትናንሽ ባንዲራ ሰቅለው ይገባሉ፤ የለቀቁትም በምልክቱ ይታወቃል። በዚያ ሰዓት በባሕሩ ዳር የቆመ ተከራይ የትኛው ጀልባ በየትኛው ወገን እንደ ዋለና ምን እንዳገኘ ያያል፤ ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ ፊታቸውን ይመለከታል፤ የተከራየው ጀልባም በደብዳቤ የተነገረው ራሱ መሆኑን፣ ሞተሩም ሁለት መሆኑን በዓይኑ አይቶ፣ ቀሪውን ገንዘብ ከዚያ በኋላ ይቈጥራል።